ከፎቶግራፍ እንጀራ ለመብላት፦ ከትምህርቱ እስከ ቀብዱ

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ግማሹ ለጥር ሠርግ ቀን ለመያዝ የሚደወል ነው። ግማሹ ደግሞ «ፎቶግራፍ ልጀምር ነው፤ ምን ካሜራ ልግዛ?» የሚል። ለሁለተኞቹ መልሴ አንድ ነው፦ ቆይ፣ አትግዛ።

ካሜራ ጠልቼ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ ልጆች ጀምረው ሲተዉ አይቻለሁ። ፎቶ ማንሳት አቅቶት የተወ ግን አላየሁም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእኔ በብዙ ይበልጡ ነበር። ያስወጣቸው ሌላ ነው። ዋጋ ሲጠየቁ አፋቸው ላይ የመጣውን ይናገራሉ። ውል የላቸውም። የጥር ሠርግ አልበም «በሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ፋሲካ ይደርሳል። ስለዚህ ስለ ካሜራ ትንሽ፣ ስለ ሌላው ብዙ አወራለሁ። የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላላችሁ ዋጋው ይለያይ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

1. ከካሜራው በፊት የቀን መቁጠሪያውን እዩ

«ፎቶግራፈር» ስንል አንድ ሥራ ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትናና ልደት አለ፣ ምርቃት አለ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ጫማና ጌጣጌጥ ለሚሸጡ ሰዎች የዕቃ ፎቶ ማንሳት አለ። የድርጅት ሪፖርት፣ የሆቴል ክፍልና ምግብ፣ የዜና ፎቶ አለ። የሰፈሩ ፎቶ ቤትም ከጉርድ ፎቶ ብቻ ኪራዩን የሚሸፍንበት ወር አለው።

እያንዳንዱ የራሱ ወቅት አለው። የኦርቶዶክስ ሠርግ በጾም አይደገስም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ የነሐሴን ግማሽ ይወስዳል። ስለዚህ ሠርጉ ሁሉ ጥር ላይ ይከመራል፤ የተረፈው ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወድቃል። የሙስሊም ሠርግም ረመዳንን ይሸሻል። ሰኔና ሐምሌ የምርቃት ናቸው።

አንድ ወረቀት አውጡና ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ወሮቹን ጻፉ። በየወሩ ሥር ሊገኝ የሚችለውን ሥራ አስገቡ። በሠርግ ብቻ እኖራለሁ ያለ ሰው መጋቢት ላይ ባዶ ቦታ ያገኛል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ባዶውን ያወቅሁት አከራዬ በር ሲያንኳኩ ነው። አሁን ያንን ክፍተት የምሞላው በዕቃ ፎቶና በድርጅት ሥራ ነው። ጾም ገባ ብሎ ጫማ መሸጥ የሚያቆም የለም።

2. ትምህርቱን በቅደም ተከተል ያዙት

ሦስት መንገድ አለ፦ አጭር ኮርስ፣ ረዳትነት፣ ራስን ማስተማር። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የምመክረው ቅደም ተከተል ግን በስልክና በተዋሰ ካሜራ ራስን ከማስተማር ጀምሮ፣ አጭር ኮርስ አስከትሎ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ የሠርግ ወቅት ሙሉ ረዳት መሆን ነው።

ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ለአንድ ካሜራ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ከጠቅላላው ሰዓት ስንቱ በእጅ የሚሠራበት ነው? ያለፈው ዙር ተማሪዎች ያነሱት ፎቶ የት አለ? አስተማሪው የራሱን ፎቶ ካሳያችሁ ጥሩ፤ «የተማሪዎችህንም አሳየን» በሉት። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሁለት ወር የተማርኩበት ቦታ አለ። ለ14 ሰው አንድ ካሜራ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ በእጄ የያዝኩበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰርተፍኬቱ ግድግዳዬ ላይ አለ። እስከ ዛሬ አንድም ደንበኛ አልጠየቀኝም።

ወደ ዜና ወይም ወደ ሥነ ጥበብ ፎቶ ማዘንበል ለሚፈልግ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሐሳብና ቋንቋ ያስፈልጋል፤ መደበኛ ትምህርት ዋጋ አለው። ፎቶግራፈሯ አይዳ ሙሉነህ አሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፊልም ነው፤ ከዚያ ለዋሽንግተን ፖስት በፎቶ ጋዜጠኝነት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የጀመረችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ስታገኙ ሂዱ። በስልክ መስኮት ጥሩ የሚመስል ፎቶ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጉዱ ይወጣል። ዓይን የሚሠለጥነው እዚያ ነው።

ረዳትነት ደግሞ የሙያው የቆየ ትምህርት ቤት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፈር ነበር፤ ሙያው ወደ ልጆቹ ተላለፈ፤ ከልጆቹ አንዱ ቶርኮም የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፈር ሆነ። ስታንድና ላይት ተሸክማችሁ የምትዞሩበት ጊዜ አይክበዳችሁ። እዚያ የምታዩት ኮርስ ላይ የለም። ዋናው ፎቶግራፈር ኬክ የሚቆረስበትን ሰዓት ከማን እንደሚያጣራ ታያላችሁ። ፎቶ መሃል የሚገቡትን አክስት ሳያስቀይም እንዴት ወደ ዳር እንደሚወስዳቸው ታያላችሁ። ሚዜዎቹን በስማቸው ሲጠራ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ታያላችሁ።

አሁኑኑ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። እናታችሁ ነጭ ነጠላ ለብሰው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ። ነጠላው የፎቶውን ሦስት አራተኛ እስኪሞላ ጠጋ በሉና ካሜራው በራሱ መጥኖ ያንሳ። ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው የሚያውቀው። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። አሁን ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) በ1 ጨምሩ። ነጠላው ነጣ፣ ፊታቸው ፈካ። በ2 ጨምሩ። ፊታቸው ደህና ነው፤ የነጠላው ክር ግን ጠፋ፣ ጥለቱም ደበዘዘ። ቀጥሎ ነጠላውን አስወልቁና ጥቁር ጃኬት አልብሷቸው። አሁን ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ከልክ በላይ ያበራል።

ይህን ሁለት ሦስት ቀን ስትደጋግሙት የሠርግን ትልቁን ፈተና ገባችሁ ማለት ነው። ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ለብሰው ጎን ለጎን ሲቆሙ በአውቶማቲክ የሚሠራ ሰው በእያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ ፊት ያወጣል። መፍትሔው ወደ ማኑዋል፣ ማለትም ቁጥሩን ራሳችሁ ወደምትወስኑበት፣ መቀየር ነው። ብርሃኑን በፊታቸው ለክታችሁ ቁጥሩን አስቀምጡ፤ ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ አትንኩት። ፋይሉንም በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ፤ የጠፋ የነጠላ ክር ከጄፔግ አይመለስም።

ስለ አዲስ አበባ ፀሐይም አንድ ነገር። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ጠንክሯል። 6 ሰዓት ላይ የሰው ዓይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ያኔ ሰዎቹን ከፀሐይ አውጡና የድንኳኑ ጥላ ጫፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ተክሊል ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ ነው የሚጀመረው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብርሃን የለም፤ ፍላሽም ይረብሻል። አስቀድማችሁ ካህናቱን አስፈቅዱ፣ የት መቆም እንደምትችሉ ጠይቁ። ጫማ ይወለቃልና የተቀደደ ካልሲ አታድርጉ። ደርሶብኝ ነው።

3. ዕቃውን በትንሹ ጀምሩ

ለሠርግ ከሆነ ካሜራው ሁለት ካርድ የሚይዝ ይሁን። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ሌላው ሁሉ ቀስ ይላል። አንድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ አንድ ፍላሽ፣ ሦስት ባትሪ። ሰፋ ያለውን ሌንስ ለቀኑ ተከራዩት።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ባትሪና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። አፐርቸሩን (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ) ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ወይም ሰማይ አንሱና አጉልታችሁ እዩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይም ተጭሯል። ሌንሱን በስልካችሁ ባትሪ ከኋላ አብሩበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ ማለትም ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳ፣ ጠይቁ። «ብዙም አልሠራበትም» መልስ አይደለም። ቁጥር ነው የሚፈለገው።

4. ሕጋዊ ሁኑ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ ንግድ ፈቃድ አውጡ፣ ደረሰኝ ይኑራችሁ። ድርጅት ያለ ደረሰኝ አይከፍልም፤ ጥሩ የሚከፍለው ደግሞ ድርጅት ነው። ከክፍያችሁ ላይ ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ሲቀንሱ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ግብር ስትከፍሉ የሚታሰብላችሁ እሱ ነው። የሥራውን ብር ከቤት ብር ጋር አትቀላቅሉ። ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ክፈቱ።

5. ዋጋ አስልታችሁ አውጡ

«ሌሎቹ ስንት ያስከፍላሉ?» ብሎ መጀመር ስህተት ነው። ሌሎቹም እናንተን እየጠየቁ ነው። ከወጪያችሁ ጀምሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩበት።

ዕቃችሁ በሙሉ 240,000 ብር ወጣበት እንበል። 4 ዓመት ያገለግላል፤ በዓመት 60,000 ነው። በዓመት 30 ሥራ ከሠራችሁ ለእያንዳንዱ 2,000 ብር ይደርሳል። ረዳት 3,000። ትራንስፖርት 1,500። አልበም ማሳተሚያ 9,000። ኢንተርኔትና ሃርድ ዲስክ 1,000። ድምሩ 16,500 ብር ነው። እስካሁን ለእናንተ ምንም አልደረሰም። አሁን ሰዓታችሁን ቁጠሩ። የሠርጉ ቀን 14 ሰዓት፣ ፎቶ መምረጥና ኤዲት 30፣ ስብሰባና ምልልስ 6። 50 ሰዓት ሆነ። በሰዓት 300 ብር ብትሉ 15,000። ጠቅላላው 31,500 ደረሰ። ለግብርና ላልታሰበ ነገር 20 በመቶ ስትጨምሩ 37,800 ብር ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ 20,000 ብሎ ተስማምቶ ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። አልበሙን ሲያሳትም፣ ረዳቱን ሲከፍል፣ ለ50 ሰዓት ልፋት 3,500 ብር ይዞ ይቀራል። አልበሙ የሚዘገየውም በዚህ ነው። ስንፍና ይመስላል እንጂ የማሳተሚያው ብር ከሌላ ሠርግ ካልተገኘ በቀር የለም።

ድርድር መቼም አይቀርም። «ወንድሜ፣ ቤተሰብ ነን፣ ቀንስልኝ» ይመጣል። ያኔ ብሩን ዝም ብላችሁ አትቁረጡ። ከሥራው ላይ ቀንሱ። «እሺ፣ የአልበሙን ገጽ ከ40 ወደ 24 እናውርደው» በሉ፤ ወይም «መልሱን ሌላ ሰው ያንሳው»። ዋጋውን በባዶ ከቆረጣችሁ ደንበኛው የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት እንደነበር ነው የሚገባው።

6. ውልና ቀብድ፤ እዚህ ላይ ልቆይ

አንድ ጊዜ ዋሽንግተን የምትኖር ሙሽራ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ሠርጓ አዲስ አበባ ነው። «25 ቅዳሜና እሁድ ላይ ነው፣ ትችላለህ?» አለች። ጥር 25ን አየሁ፣ እሁድ ነው፣ ባዶ ነው። «እችላለሁ» አልኩ። እህቷ በቴሌብር ቀብድ ላከች። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ረሳሁት።

ማክሰኞ ማታ ስልክ ተደወለ፤ ሙሽሪት ናት። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ትመጣላችሁ?» አለችኝ። የቱ ቅዳሜ? የሷ 25 የፈረንጁ ነበር። ጃንዋሪ 25 ማለት ጥር 17 ነው። ጥር 17 ደግሞ ሌላ ሠርግ ይዣለሁ። ጉሮሮዬ ደረቀ።

የማምነውን ባልደረባዬን ለመንኩት። የሱን ሒሳብ ከኪሴ ከፈልኩ፤ ከቀብዱ በላይ ወጣብኝ። ሥራው ተሠራ፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው። በኋላ አንድ ጠበቃ ጓደኛዬ «ዕድለኛ ነህ» አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1885 አሳየኝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ የመጀመሪያ ክፍያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔንም የሚያስር ገመድ እንደሆነ አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ያለ አንድ ገጽ ወረቀት ቀን አልይዝም። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ከነዕለቱ ይጻፋል፦ «ቅዳሜ፣ ጥር 17፣ ጃንዋሪ 25»። ሰዓቱም እንደዚሁ። ከውጭ የመጣ ሰው «በ2» ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ቃል ይግባ። ቦታዎቹ ይዘርዘሩ፦ የሙሽሪት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ፣ መልስ። ስንት ሰዓት እንደምትቆዩና ትርፍ ሰዓት ስንት እንደሚከፈል፣ ስንት ኤዲት የተደረገ ፎቶ እንደሚያገኙ፣ አልበሙ በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጻፍ። እናንተ ብትታመሙ ማን እንደሚተካችሁም ይግባ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ክፍያውን በሦስት ከፍሉት። ቀብድ ሲፈረም፣ ትልቁ ክፍል ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት፣ ቀሪው አልበሙ እጅ በእጅ ሲሰጥ። ከሠርጉ ማግስት ገንዘብ መጠየቅ ከባድ ነው። ድንኳን ያስተከለ ቤት ማግስቱን ኪሱ ባዶ ነው።

7. የሰው መልክ የሰው ነው፤ የእናንተም ሥራ የእናንተ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይቻልም። ዝነኛ ሰዎችን፣ ባለሥልጣናትንና በአደባባይ የሚከናወኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የሙሽሪት ፎቶ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ፎቶዎቹን ለሥራ ማስታወቂያ እንድጠቀም እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም»። ያክብቡበት። አልፈቅድም ያለ ሰው ካለ አክብሩ፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ሠርጉ ቲክቶክ ላይ እንዲወጣ አይፈልግም። የሕፃን ፎቶ ከሆነ ወላጅ ይፈርም።

የእናንተን መብት የሚጠብቀው ደግሞ የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሰው ቀጥሮ ያሠራችሁ ከሆነ ውሉ ዝም ካለ መብቱ ወደ አሠሪው ሊሄድ ይችላል። ለድርጅት ስትሠሩ ፎቶው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚውል ጻፉ። ለሪፖርት የተነሳ ፎቶ በኋላ መንገድ ዳር ቢልቦርድ ላይ ተሰቅሎ ብታዩት መከራከር የምትችሉት ወረቀት ካላችሁ ነው።

8. የዚያኑ ማታ ቅዱ

ከሠርግ በእኩለ ሌሊት ነው የምትገቡት። እግራችሁ አብጧል። ቢሆንም ካርዱን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳትገለብጡ አትተኙ። መብራት ከጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ቅዱት፤ ለዚህ ብላችሁ ከሠርጉ በፊት ቻርጅ አድርጉት። አንዱ ዲስክ ሌላ ቤት ይደር። እኔ የሁለተኛውን እናቴ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ እሷ «የሰው ሠርግ» ትለዋለች። ካርዱን ደግሞ አልበሙ እስኪታተም ድረስ አታጥፉ።

9. ደንበኛ ከየት ይመጣል

ለፎቶ ገጻችሁ 20 ፎቶ ይበቃል። 200 የለጠፈ ሰው መምረጥ እንደማይችል ነው የሚናገረው። ከማስታወቂያ ይልቅ ለእኔ የሠራው ሜካፕ የምትሠራዋ፣ የዲኮር ሰዎቹና ቬሎ አከራዮቹ ናቸው። ሙሽሪት ከእኔ በፊት እነሱ ጋ ነው የምትሄደው። ከእያንዳንዱ ሠርግ በኋላ የእጃቸውን ሥራ የሚያሳይ አምስት አምስት ፎቶ በነፃ ላኩላቸው፣ ስማችሁን ጥግ ላይ አድርጋችሁ። በሁለተኛው ዓመት ከያዝኳቸው ሠርጎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

10. ሰኔ 30 ላይ ደብተሩን ክፈቱ

የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። እያንዳንዱን ሥራ በአንድ መስመር ጻፉ፦ የገባ ብር፣ የወጣ ብር፣ የፈጀ ሰዓት። የተረፈውን ለሰዓቱ አካፍሉ። እኔ መጀመሪያ ይህን ያደረግሁ ጊዜ በሰዓት ብዙ የከፈለኝ ትልቁ የሆቴል ሠርግ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በየወሩ 30 የጆሮ ጌጥ ይዛ የምትመጣ፣ ሁለት ሰዓት የማትቆይና ከመውጣቷ በፊት የምትከፍል ሴት ነበረች። ሐምሌ 1 ላይ የሠርጉን ዋጋ ጨመርኩ፣ እሷን የመሰሉ አራት ሻጮች ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ።